ከ49 ዓመት በኋላ

ከነቀምት እስከ ደምቢዶሎ ባሉ የወለጋ ከተሞች የሴቶች ጤና ታሪክ ሲነሣ የሚወሳው እርግዝናና ወሊድ ነው፤ ማረጥ ተዘንግቷል። ለዚህ ተጠያቂው የሴቶቹ ዝምታ ብቻ አይደለም፤ የጠየቃቸውም አልነበረም። ከ1992 እስከ 2008 ዓ.ም. በአገሪቱ የተካሄዱት አራት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች የሴቶችን መጠይቅ ያቀረቡት ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉት ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ግን የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ነው።

በኦሮሞ ባህል የሲንቄ በትር የያዘች እናት ስለምትከበር ዕድሜ ለእሷ ሞገስ ነው የሚሉ አሉ። ሲንቄ ሴቶች ጠብ የሚያበርዱበትና መብታቸውን የሚያስከብሩበት ሥርዓት በመሆኑ ክብሩ እውነት ነው። ክብር ግን በማረጥ የጠፋ እንቅልፍ አይመልስም፤ የመገጣጠሚያ ሕመምን፣ የልብ ምት መፍጠንን፣ የቆዳ ማሳከክንና የአፍ መቃጠልን አያስታግሥም። ድንገተኛው ሙቀትና ላብም ወባ ባለበት አገር በቀላሉ ከወባ ጋር ይምታታል። የእናቶች ሞት ይቀድማል የሚሉትም ተገቢ ምክንያት ነበራቸው፤ በ100,000 ሕያው ወሊድ 871 የነበረው ሞት በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። ነገር ግን ዛሬ የምታርጠው ያኔ ከወሊድ የተረፈችው እናት ናት።

ሴቶች ስስ ልብስ በመደራረብ፣ የማታ ቡናን በመተውና በእግር በመንቀሳቀስ ራሳቸውን ሊረዱ ይችላሉ፤ የወር አበባ ከቆመ ከዓመት በኋላ ደም ከታየ ግን ሳይዘገዩ መመርመር ይገባል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ቤት ለቤት ይደርሳል፤ ባለሙያዎቹ ከ49 ዓመት በላይ ያሉትንም እናቶች ይጠይቁ።