የካሜራ ፍላሽ

የካሜራ ፍላሽ ብርሃን በማይበቃበት ቦታ ፎቶግራፍ ለማንሳት ለቅጽበት ብልጭ የሚል የብርሃን ምንጭ ነው። በዲጂታል ካሜራ ላይ ሁለት ዓይነት ፍላሽ ይሠራል፤ አንደኛው ከካሜራው ጋር አብሮ የተሠራ ሲሆን ሌላው ለብቻው ተገዝቶ በካሜራው አናት ላይ የሚገጠም ተነቃይ ፍላሽ ነው።

አሠራራቸው አንድ ነው። የባትሪው ኤሌክትሪክ ካፓሲተር ውስጥ ተጠራቅሞ ዜኖን ጋዝ ባለበት ቱቦ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ኃይለኛ ብርሃን ይፈጥራል። ይህን ዘዴ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለፎቶግራፍ ሥራ ያዳበረው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን ነበር።

የፍላሽ ጉልበት የሚለካው መሪ ቁጥር በሚባል መጠን ነው። ይህ ቁጥር ለሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር ሲካፈል ብርሃኑ የሚደርስበት ርቀት ይገኛል። አብሮ የተሠራ ፍላሽ ብዙውን ጊዜ በአይኤስኦ 100 መሪ ቁጥሩ 12 ሜትር አካባቢ ነው፤ በኤፍ/4 ቀዳዳ የሚደርሰው 3 ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። መሪ ቁጥሩ 60 የሆነ ተነቃይ ፍላሽ ግን 15 ሜትር ይደርሳል። በስታዲየም ከተመልካቾች መካከል የሚበራው ትንሽ ፍላሽ፣ ከፊት የተቀመጡትን ሰዎች ጀርባ ከማብራት አልፎ ሜዳው ዘንድ አይደርስም። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ሰውየው 2 ሜትር ላይ ቆሞ ግድግዳው 4 ሜትር ላይ ቢሆን ፊቱ ደምቆ ኋላው ይጨልማል።

ከጉልበት ይልቅ ምስሉን የሚለውጠው ግን የብርሃኑ አቅጣጫ ነው። አብሮ የተሠራው ፍላሽ ለሌንሱ ቅርብ ስለሆነ ብርሃኑ በቀጥታ ፊት ላይ ያርፋል፤ ፊት ጠፍጣፋ ይመስላል፣ ከኋላ ያለ ግድግዳ ላይም ጥቁር ጥላ ይወድቃል። ብርሃኑ ከዓይን ውስጠኛ ክፍል ተንጸባርቆ ወደ ሌንሱ ሲመለስ ደግሞ ዓይን ቀይ ሆኖ ይወጣል። የብዙዎቹ ተነቃይ ፍላሾች ራስ ስለሚዞር ብርሃኑን ወደ ኮርኒስ መላክ ይቻላል። ከኮርኒሱ የሚመለሰው ብርሃን ሰፊና ለስላሳ ነው። ኮርኒሱ ነጭ መሆን አለበት፤ አረንጓዴ ከሆነ ፊትም አረንጓዴ ይሆናል።

አብሮ የተሠራው ፍላሽ ክብደት አይጨምርም፤ ከቤት ውጭ በጠራራ ፀሐይ ፊት ላይ የሚያርፍ ጥላን ለማቅለልም ይበቃል። ተነቃዩ የራሱ ባትሪ ስላለው የካሜራውን አይጨርስም። ለፊልም ካሜራ የተሠሩ አንዳንድ አሮጌ ፍላሾች በመገናኛቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ስላላቸው የዲጂታል ካሜራን ሰርኪዩት ሊያቃጥሉ ይችላሉ፤ ቮልታቸው ሳይለካ ሊገጠሙ አይገባም።