የመንግሥት ነጻነትና የባለርስት ነጻነት፦ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከድል በኋላ

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ ከጣሊያን የተረፈውን ሥልጣን የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ይዞት ነበር። ግንቦት 3 ቀን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የእንግሊዙ ሹም ብርጋዴር ሞሪስ ለሽ ተቃወመ። ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሡ ሙሉ ሥልጣን የላቸውም ባይ ነበር። ንጉሡ ግን ሹመቱን አልሻሩም። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ውል የኢትዮጵያን ነጻነት ቢያውቅም ለእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ቀዳሚነትን ሰጠ፤ የጅቡቲውንም ባቡር በእንግሊዞች እጅ አቆየ። ቀዳሚነቱ የቀረውና ባቡሩ የተመለሰው ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በተፈረመው ሁለተኛ ውል ነው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከቤተ መንግሥትና ከኤምባሲ በኩል ነው። ከጋይንቷ ነፋስ መውጫ ወይም ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ሲታይ ግን መልኩ ይለያል። የደብረ ታቦር የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በ1933 ክረምት ነው፤ ጎንደር ነጻ የወጣችው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ገበሬው የመጣው መንግሥት ደመወዝተኛ ገዥ ሾሞ ግብርን በገንዘብ የሚጠይቅ አዲስ ሥርዓት ነበር።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። የ1934ቱ አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ጣለ። በበጌምድር ውስጥ ባሉት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን መሬት በጋሻ አልተለካም ነበር፤ ሰው ርስቱን ይቆጥር የነበረው ከአቅኚ አባት በሚወርድ ትውልድ ነው። ግብሩም በየአጥቢያው ተደልድሎ በጭቃ ሹም እጅ ይሰበሰብ ነበር። ቀላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ከተጣለ መሬቱ የሚታወቀው በሚከፍለው ሰው ስም ይሆናል፤ ያኔ ከሩቅ ተነሥቶ በእናቱ ወገን ድርሻ የሚጠይቅ ዘመድ ምን ይዞ ይሟገታል? በእኔ ግምት ገበሬው ከብሩ ይልቅ ይፈራ የነበረው ይህንን ነው።

ጎረቤት ጎጃም ግብሩን በመሣሪያ ተቃወመ። መንግሥትም በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ ከጦርነቱ በፊት ይከፍሉት በነበረው ልክ እንዲከፍሉ ፈቀደ። መንግሥት ከእንግሊዝ ቀዳሚነቱንና ባቡሩን አስመለሰ፤ ለባለርስቱ ግን በግብሩ ለቀቀ፤ ሁለቱም የሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። የነጻነቱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ከባለርስቱ ጋር የተደረገ ስምምነት ከእንግሊዝ ጋር ከተደረገው እኩል ሊያጠናው ይገባል፤ የርስት ሥርዓት በበጌምድር እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ የዘለቀው በእርሱ ጭምር ነውና።