ኮርማ

ኮርማ ማለት ያልተኮላሸ፣ ለዘር የተያዘ ወንድ የቀንድ ከብት ሲሆን፣ ቃሉን አማርኛና ኦሮምኛ ይጋሩታል፤ የፈረስ አቻው ድንጉላ ነው። ወይፈን ገና ያልጎለመሰውን፣ ሰንጋ ደግሞ ተኮላሽቶ የደለበውን ስለሚያመለክቱ፣ ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎ ባሉት ከተሞች ገበያ እነዚህን ቃላት ማምታታት ዋጋ ያስከፍላል።

ኮርማነት በቁመና ብቻ አይረጋገጥም። ሻኛውና ደረቱ የሚናገሩት ስለ ራሱ አካል ሲሆን፣ የዘሩን ዋጋ የሚናገሩት ግን ጥጆቹ ናቸው፤ በተለይ ኮርማው ራሱ የማይታለበውን ወተት በዋናነት የሚመሰክሩት ሴት ልጆቹ ስለሆኑ፣ ላሟ ተጠቅታ ዘጠኝ ወር ያህል አርግዛ ከወለደች በኋላ ጥጃዋ ጊደር ሆና፣ ወልዳ እስክትታለብ ድረስ ዓመታት መጠበቅ ግድ ይላል። የድንጉላም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ የሩጫና የዝላይ ችሎታን ማውረሱ በውርንጭሎቹ የሚፈተን ሲሆን፣ ባዝራ የምታረግዘው አሥራ አንድ ወር ገደማ ነው።

ጥጃ ከአባቱ የሚወርሰው የዘር ባሕርዩን ግማሽ ብቻ ስለሆነ፣ ምርጥ ላሞች ብቻ የቀረቡለት ኮርማ የጥጆቹን እናቶች ውለታ ለራሱ ይወስዳል፤ ፍርዱ ፍትሐዊ የሚሆነው ከተለያዩ ላሞች የተወለዱ ብዙ ጥጆቹ፣ በአንድ ዓይነት ግጦሽና ውኃ ካደጉ ሌሎች ጥጆች ጋር ሲነጻጸሩ ነው። እንዲህ ያለው ንጽጽር መዝገብ ይፈልጋል፤ ከቦረና ተወስዶ በኬንያ የተሻሻለው የቦረና ዝርያ በ1951 እ.ኤ.አ. የራሱን የአርቢዎች ማኅበር አግኝቷል፤ የዝርያው ምንጭ የሆነው ምድርም ለኮርማው የልጆች መዝገብ ሊከፍትለት ይገባል።