ዌቭሌት በማሞግራም ንባብ

ዌቭሌት ምስልን ወደ ጥቅልና ወደ ረቂቅ ዝርዝሮች በየደረጃው የሚበትን የሒሳብ ስልት ነው። መነሻው ሀንጋሪያዊው አልፍሬድ ሃር እ.ኤ.አ. በ1910 ያሳተመው ሥራ ሲሆን፣ ቤልጂየማዊቷ ኢንግሪድ ዶበሺ በ1988 ለኮምፒውተር ስሌት የሚመች መልክ ሰጥታዋለች።

በማሞግራም፣ ማለትም በጡት ራጅ፣ በሚደረግ የካንሰር ምርመራ ስልቱ የሚፈለገው ዕጢ በእጅ ከመዳሰሱ በፊት ሊታዩ ለሚችሉ የካልሲየም ቅንጣቶች ነው። ብዙዎቹ ከ1 ሚሊሜትር ያነሱ ናቸው። ጥቅጥቅ ያለ ጡት ደግሞ በራጅ ምስል ላይ እንደ ቅንጣቶቹ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ የሠለጠነ ዓይን እንኳ ሊያልፋቸው ይችላል። ስሌቱ ቀስ እያለ የሚለዋወጠውን የጡት ሥጋ ምስል በድንገት ከሚደምቁት ቅንጣቶች ይለያል፤ የፊተኛውን አደብዝዞ፣ የኋለኛውን አጉልቶ ምስሉን መልሶ ይገጣጥማል። ትልቁ ጸጋው ተመርማሪዋን ለተጨማሪ ጨረር አለማጋለጡ ነው።

ይሁንና ጉዳት የሌላቸው ቅንጣቶችም አብረው ይጎላሉ። በ2007 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት፣ በወቅቱ የነበረው በኮምፒውተር የታገዘ ንባብ ከጡታቸው ናሙና እንዲወሰድ የሚላኩ ሴቶችን አበዛ እንጂ ትክክለኛነቱን እንዳላሻሻለ አሳይቷል። ስለዚህ ሒሳቡ የሚጠቁመውን ሐኪም ይመዝነዋል፤ ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠውም በናሙና ምርመራ ነው።