ከቤተልሔም ምስክር እስከ መውጫ ፈተና

ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የምትባል ጥንታዊ ደብር አለች። ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ ወንበር ዘርግቶ ማስተማር ከፈለገ እዚያ ሄዶ ማስመስከር ነበረበት። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረው ወደ ዙር አምባ ይወጣል። ቅዳሴ የተማረው ሰላልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ ይወርዳል፤ የአቋቋሙ ደግሞ ጎንደር ነው። አባቴ የቤተልሔም ምስክር ነበሩ። እኔ የቄስ ትምህርቴን ዳዊት ላይ ትቼ አስኳላ ገባሁ፤ እስከ ጡረታዬም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እጩ መምህራንን ሳሠለጥን ኖርኩ። የሁለቱን ቤት ሥርዓት ጎን ለጎን ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አባቴ እንደሚነግሩኝ፣ ለምስክር የሚመጣው ደቀ መዝሙር በገዛ እጁ የጻፈውን ድጓ ይዞ ይቀርባል። በየፊደሉ አናት ላይ ያለውን የዜማ ምልክት ጭምር የጻፈው ራሱ ነው። ያንን ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይነገራል። የቤተልሔሙ መምህር ፊት ይቀመጥና ከድጓው መክፈቻ ከዮሐንስ ጀምሮ ይዘልቃል። ዜማው ከተሳሳተ ይመለሳል፤ መጽሐፉ ላይ ምልክት ከተዛነፈ እዚያው ይፋቃል፣ ይታረማል። ስለዚህ ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ እሱም መጽሐፉም ታርመው ነው የሚመለሱት። አባቴ ግን ከሁሉም አጥብቀው የሚያነሡት ገና ሲደርሱ የተጠየቁትን ነበር፦ «ከማን ተማርክ?» ልጁ ካላወቀ ኀፍረቱ አገር ቤት የቀሩት መሪጌታም ነው። ሌላ ሰው እንደሚያርመው የሚያውቅ መሪጌታ ደግሞ ያልበሰለ ልጅ አይልክም።

ዘመናዊው ትምህርት ይህን የምስክር ሥርዓት ይዞ አልመጣም፤ ሊይዝም አይችልም ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገሪቱ ትምህርት ቤት ልክፈት ስትል፣ ከተማሩት ወጣቶቿ ብዙዎቹ በፋሺስቱ እጅ አልቀው ነበር። የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ በ1936 እና 37 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፤ ኋላም ወደ ሐረር ተዛወረ። ሐረር ከሠለጠኑ አዛውንት መምህራን ጋር ሠርቻለሁ። ጠመኔ አያያዛቸው፣ ሰሌዳውን ከፍለው የሚጽፉበት መንገድ፣ ጥያቄ ጠይቀው ዝም ብለው የሚጠብቁበት ትዕግሥት ከሩቅ ያስታውቃል። ጥቂት ነበሩና አሠልጣኞቻቸው እያንዳንዳቸውን በስም ያውቋቸው ነበር።

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት ሕዝብ እንዲያገለግሉ ግዴታ ተጣለባቸው። አብዛኞቹ የተመደቡት በየጠቅላይ ግዛቱ ለማስተማር ነበር። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ባሕር ዳር ላይ የፔዳጎጂ አካዳሚ ሥራ ጀመረ። አካዳሚው ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ የመምህራን ማሠልጠኛዎችን መምህራን ማፍራት ነበር። የመምህሩን መምህር ማን ያዘጋጀው የሚለው ጥያቄ በመንግሥት ደረጃ መልስ አገኘ ብዬ የማምነው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አብዮቱ መጣ፣ ትምህርት ቤቱ በዛ፣ ተማሪው ጎረፈ። የአስተማሪ ቁጥር ማሟላት ከሁሉ የቀደመ ጉዳይ ሆነ።

በ1995 እና 96 ዓ.ም. «ቴሶ» በሚል አኅጽሮት የምናውቀው የመምህራን ትምህርት ለውጥ ሲመጣ ተስፋ አድርጌ ነበር። የተግባር ልምምዱ ሰዓት ጨመረ። ለእኛ ለአሠልጣኞቹም የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ተዘረጋልን፤ አንዳችን የሌላችንን ክፍል ገብተን እንድናይ አደረገን። ያ ፕሮግራም ወረቀት ይበዛበታል ተብሎ ብዙ ይታማል፤ እኔ ግን ጠቅሞናል እላለሁ፤ ስንት ዓመት ያስተማረ ሰው በባልደረባው ፊት ሲያስተምር የታየው ያኔ ነውና። በሌላ በኩል የዲግሪው ጊዜ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ወረደ፤ የሚገባው ተማሪ ደግሞ በየዓመቱ ይጨምር ነበር። ልምምዱ ተጨመረ፣ የሚከታተለው ሰው ግን አልተጨመረም።

ይህ ክፍል ውስጥ ሲታይ ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። አንድ የሒሳብ እጩ መምህር ዘጠነኛ ክፍል ሲያስተምር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እከታተለዋለሁ። የትምህርት ዕቅዱ ንጹሕ ነው፤ ዓላማው፣ ሰዓቱ፣ የመርጃ መሣሪያው ሁሉ በየሠንጠረዡ ተሞልቷል። ኔጌቲቭ ቁጥር በኔጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ እንደሚሆን ጻፈ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ለምን ቲቸር?» አለችው። «ሕጉ ነው፣ በቃልሽ ያዢው» ብሎ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ልጅቷ እጇን አወረደች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀም። የያዝኩት የምልከታ ቅጽ ስለ ድምፁ፣ ስለ ሰሌዳ አጠቃቀሙ፣ ስለ ሰዓት አከባበሩ ይጠይቀኛል፤ በእነዚያ ሁሉ ጥሩ ነበር። ከክፍል ስንወጣ በረንዳው ላይ አስቆምኩትና ለምን እንደሚሆን እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። አላወቀውም። እሱንም ማንም አላስረዳውም ነበር። ተመልሼ ላየው ደጋግሜ ጠየቅሁ፤ ለሁሉም አይደርስም ተባልኩ። በዚያው ዓመት ተመረቀ።

በ2003 ዓ.ም. ገደማ ሥርዓቱ እንደገና ተለወጠ፤ በሌላ ሙያ ሦስት ዓመት ተምሮ የተመረቀ ወጣት የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ወስዶ አስተማሪ እንዲሆን ተደረገ። ብዙዎቹ የመጡት ሌላ ሥራ በማጣታቸው ነበር። በቅርቡ ደግሞ ወደ አራት ዓመቱ የትምህርት ዲግሪ ተመለስን፤ ኮተቤም የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ሦስት፣ ሦስት ሲደመር አንድ፣ አራት፤ ክርክራችን ሁሉ ስለ ዓመቱ ብዛት ሆኖ ቆየ። ያስተማረው፣ ነጥብ የሰጠውና ያስመረቀው ያው አንድ የትምህርት ክፍል መሆኑን የሚያነሣ አልነበረም።

ተጠያቂነት ለማምጣት አልተሞከረም ማለቴ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 351/1995 የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ተቋቁሞ ነበር። የጥራት ኦዲት ግን የሚመረምረው ተቋሙን ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ሥርዓተ ትምህርቱን፣ የመምህራኑን ማዕረግ። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በመላ አገሪቱ ተጀመረ። እኔ ደግፌዋለሁ፤ ካስተማረው የትምህርት ክፍል ውጭ ያለ አካል ተማሪውን መመዘኑ ተገቢ ነው። ሆኖም የዚያ የሒሳብ ልጅ ዓይነቱ ምርጫ ያለውን ጥያቄ መልሶ ሊያልፍ ይችላል። የልጅቷን እጅ ያወረደው ነገር ኮምፒውተር ላይ አይታይም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገር ደነገጠ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ ተማሪው ስንፍና፣ ስለ ወላጅ ብዙ ተባለ። እነዚያን ልጆች ያስተማሩት ሰዎች እኛ መርቀን የላክናቸው ናቸው።

ለትምህርት ሚኒስቴርና ለየዩኒቨርሲቲዎቹ የምለምነው ይህን ነው፦ አንድ እጩ መምህር እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆሞ ሲያስተምር፣ እሱን ያላስተማረ ልምድ ያለው መምህር ደጋግሞ ሳያየው ፈቃድ አይሰጠው። ያየው ሰው ስሙን ይጻፍ፣ ይፈርም፤ ያሠለጠነውም ስሙ አብሮ ይጻፍ። የሚመሰክር ሰው ከጠፋ ደግሞ የምንቀበለውን ተማሪ ቁጥር ማየት በምንችለው ልክ እንወስን።