ከኤክስሬይ የተሰወረው ሃይድሮጅን

በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ቆርጦ ይከምራል፤ ክምሩን በሣርና በአፈር ይደፍንና አየሩን እየመጠነ ለቀናት ያከስለዋል። ደረቅ እንጨት ከክብደቱ 6 በመቶ ያህሉ ሃይድሮጅን ነው። ሙቀቱ ሲበረታ አብዛኛው በእንፋሎት፣ በጋዝና በቅጥራን መልክ ይወጣል። በከሰሉ ገጽ ላይ የቀረው ግን ምን ያህል ነው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የፊዚክስ ሊቃውንትን ለአሥርት ዓመታት አስቸግሯል።

ሃይድሮጅንን ሄንሪ ካቨንዲሽ ለይቶ ያጠናው በ1766 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1887 ሄርትዝ ብርሃን በብረት ላይ የሚያሳድረውን የኤሌክትሪክ ውጤት አስተዋለ፤ በ1905 አንስታይን ምክንያቱን አስረዳ። ይህን መሠረት ይዞ ስዊድናዊው ካይ ሲግባን ከ1950ዎቹ ጀምሮ በኡፕሳላ ኤክስሬይ ከቁስ ላይ የሚያስፈነጥራቸውን ኤሌክትሮኖች ጉልበት በትክክል የሚለካ መሣሪያ ሠራ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በውስጠኛው ኤሌክትሮኑ ጉልበት ስለሚታወቅ፣ ከላይ ያሉት ጥቂት ናኖሜትሮች ከምን እንደተሠሩ ማንበብ ተቻለ። ሲግባን በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ይህ ድንቅ መሣሪያ ግን ሃይድሮጅንን መለየት አይችልም። ሃይድሮጅን ያለው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው፤ እሱንም ከጎረቤቱ አቶም ጋር ለመተሳሰር ያጋራዋል። መለያ የሚሆን ውስጠኛ ኤሌክትሮን የለውም። ሌላው የገጽ መመርመሪያ ዘዴ፣ የኦዤ ስፔክትሮስኮፒም፣ ቢያንስ ሦስት ኤሌክትሮኖች ስለሚፈልግ አልረዳም።

ኢትዮጵያውያን ከዚህ የምርምር ዘርፍ ሩቅ አልነበሩም። በ1961 በኡፕሳላ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የሳይንስ መርሐ ግብር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የፊዚክስ ምርምር ደግፏል። የአዲስ አበባው ባንቲካሰኝ ወርቃለማሁ በ1993 ከስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢንጋናስና ከሳላኔክ ጋር ስለ አሉሚኒየምና ፖሊፒሮል መገናኛ ጥናት አሳተመ። ፖሊፒሮል የካርቦን፣ የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን ውህድ ነው፤ ሃይድሮጅኑ ግን ለኤክስሬይ መሣሪያው አይታይም።

አንዱ መፍትሔ የመጣው ጥያቄውን በመገልበጥ ነው፤ ሃይድሮጅን ራሱ ምልክት ባይሰጥ፣ የመታውን ኤሌክትሮን ምን ያደርገዋል? ብይ ከትልቅ ድንጋይ ጋር ስትጋጭ ፍጥነቷን ይዛ ትመለሳለች፤ ትንሽ ድንጋይ ስትመታ ግን ድንጋዩ ስለሚነቃነቅ ጉልበቷ ይቀንሳል። በ1,500 ኤሌክትሮንቮልት የተተኮሰ ኤሌክትሮን ከሃይድሮጅን ጋር ተጋጭቶ ወደ ኋላ ሲመለስ 3 ኤሌክትሮንቮልት ያህል ያጣል፤ ከካርቦን ሲመለስ የሚያጣው የዚያን አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ ነው። የሁለቱ ምልክት ተለያይቶ ይታያል። የሃንጋሪው ጌርጌይ ያጎለበተው ይህ ዘዴ በካንቤራና በደብረሴን ቤተ ሙከራዎች ከ2000 ወዲህ በፖሊመሮች ላይ ሃይድሮጅንን አሳይቷል።

ለአዊ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በከሰል ገጽ ላይ የቀረው ሃይድሮጅን ከሰሉ የደረሰበትን ሙቀት ይናገራል፤ ለውሃ ማጣሪያ ሲፈለግም ቆሻሻ የመያዝ ችሎታውን ይነካል። ጠቅላላውን የሃይድሮጅን መጠን ለማወቅ ናሙናውን አቃጥሎ የወጣውን ውሃ መመዘን ይበቃል፤ ይህ ኬሚስቱ ሊቢግ በ1831 ያሻሻለው ዘዴ ነው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንጨቱን ዕድሜና የክምሩን ሙቀት መዝግበው ከዚህ ሊጀምሩ፣ የገጹን ምርመራ ደግሞ መሣሪያው ካለበት ቤተ ሙከራ ጋር ተባብረው ሊያካሂዱ ይችላሉ። የአዲስ አበባና የስዊድን ተመራማሪዎችም የሠሩት እንዲሁ ተባብረው ነው። ውዱ መሣሪያ እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ናሙናው በደጃቸው ነው፣ ጥያቄውም የራሳቸው ሊሆን ይገባል።