ከአቡዬ አናብስት እስከ ዘይት ቀለም፦ የዱር እንስሳ ፊት በኢትዮጵያ ሥዕል

በአዲስ አበባ ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ ሰሜን ሲያቀኑ የጉለሌ ሰፈሮች ወደ እንጦጦ ደን ይጠጋሉ። በደኑ ውስጥ ድኩላ አለ፤ ሌሊት ጅብ ከተራራው ወደ ከተማ ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ ስድስት ኪሎ ላይ ደግሞ አንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ጥቁር ጋማ ያላቸውን አናብስት ይዟል። የሀገራችን ሠዓሊዎች የሚያድሩት ከዱር እንስሳ ጋር በአንድ ከተማ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ዘመናዊው ሥዕላችን የሰውን ፊት በዘይት ቀለም በጥልቀት ሲመረምር የዱር እንስሳውን ለአርማና ለአደን ትዕይንት ትቶታል። ይህ ክፍተት ከጥንቱ ትውፊት የወረስነው እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ቅርብ ጊዜ የተፈጠረ መሆኑን ማሳየት እፈልጋለሁ።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስለ ፊት ግልጽ ሥርዓት አለው። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ከፊት ይሳላል፤ ከሓዲውና ጠላት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። በዚህ ሥርዓት የዝቋላው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ የ«አቡዬ»፣ ሥዕል የተለየ ቦታ አለው። ገድላቸው 60 አናብስትና 60 አናብርት እንደሚከተሏቸው ይናገራል፤ ሠዓሊውም አውሬዎቹን በግራና በቀኝ ያሰልፋል፣ የተጠማችውን ወፍ ከዓይናቸው ስትጠጣ ያሳያል። በብዙዎቹ ሥዕሎች አናብስቱ እንደ ጻድቁ ሁለት ሙሉ ዓይን አላቸው፣ ተመልካቹንም ቀጥ ብለው ያዩታል። የዋልድባው አቡነ ሳሙኤል አንበሳም ጻድቁን በጀርባው ተሸክሞ ይታያል። እነዚህ አውሬዎች የቅድስናው ተካፋዮች ናቸው። ለእንስሳ ፊት መስጠት እንግዲህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም።

ለውጡ የመጣው ሥዕሉ ከግድግዳ ወርዶ ለገበያ ሲቀርብ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዲስ አበባ ለውጭ አገር ገዢዎች በሸራ ላይ የተሠሩት የአደን ትዕይንቶች ዝሆኑን፣ ጎሹንና አንበሳውን የአዳኙ ጀግንነት ማስረጃ አደረጓቸው። በዘውዱ አርማ ላይ ያለው አንበሳ ደግሞ የንጉሡን ማዕረግ ይወክላል እንጂ የራሱ ጠባይ የለውም።

አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው፣ ከሕይወት መሳልንና የዘይት ቀለምን አሠራር በመደበኛ ትምህርትነት አጸና። የዘይት ቀለም ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ሠዓሊው እርጥቡን ከእርጥብ ማዋሐድ፣ ደራርቦ ማወፈር፣ የተቀባውን መልሶ መፋቅ ይችላል። የቆዳ ጥላና የዓይን እርጥበት፣ እንዲሁም የፀጉር ክብደት፣ የሚገኙት በዚህ መንገድ ነው። በኮሎኝ የተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታ (እ.ኤ.አ. 1932–1981) ከጀርመን የስሜት ገላጭነት ስልት ብዙ ቀስመዋል። የዚያ ስልት ግንባር ቀደም የሆነው ፍራንዝ ማርክ እ.ኤ.አ. በ1911 ፈረሶችን በሰማያዊ ሥሎ እንስሳን የስሜት ማዕከል አድርጎ ነበር። ገብረ ክርስቶስ በ«ጎልጎታ» ቀይ ውስጥ ያስቀመጡት ግን የሰውን ሥቃይ ነው።

ወልድያ ተወልደው በዚሁ ትምህርት ቤት የተማሩትና ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት፣ በሌኒንግራድም ትምህርታቸውን የቀጠሉት ታደሰ መስፍን ይህን የሰው ፊት ጥናት ሩቅ አድርሰውታል። «የሕይወት ምሰሶዎች» በተሰኙት የዘይት ቀለም ሥራዎቻቸው የገበያ ሴቶች ረዘም ብለው፣ እንደ ዓምድ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ መደቡ ይሟሟል፣ ርቀትና ቅርበት ይደባለቃሉ። ብዙ ሰው ሳያያት የሚያልፋት ቸርቻሪ በሸራው ላይ የጻድቃን ግርማ ታገኛለች። በእኔ ዕይታ ይህ የጥንቱ ከፊት የመሳል ሥርዓት በዘይት ቀለም የታደሰበት ከፍተኛ ሥራ ነው፤ ለእንስሳ የሚሆነው መንገድም እዚሁ አለ።

የቢሾፍቱው ለማ ጉያ በሌላ አቅጣጫ ወደ ጉዳዩ ቀርበዋል። የሰው ፊቶችን በፍየል ቆዳ ላይ ሲሥሉ የቆዳውን ተፈጥሯዊ ቀለም የፊቱ ጥላና ብርሃን አካል አደረጉት። ሰውና እንስሳ በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ ማለት ነው፤ ነገር ግን እንስሳው ያገለገለው ገጽ ሆኖ ነው፣ ፊቱ አልተሣለም።

ለእንስሳ ፊት የመስጠትን አስፈላጊነት የሚያጎላ ሌላ እውነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት የአንበሳ ግቢ አናብስት ከሌሎች ከተመረመሩ አናብስት የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። የቀይ ቀበሮም ጎልማሶቹ ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል። የመጥፋት አደጋ የተጋረጠበትን ፍጥረት «ቀበሮ» በሚል የወል ስም ብቻ መሣል አይበቃም፤ ይህ ቀበሮ፣ ይህ አሮጌ አንበሳ ተብሎ፣ ጠባሳውና ድካሙ ሳይቀር ሊሣል ይገባዋል።

ስለዚህ የሥነ ጥበብ መምህራን የፊት ሥዕል ትምህርትን ከሰው ሞዴል ባሻገር እንዲያሰፉት እጠይቃለሁ። አንበሳ ግቢ እዚያው ስድስት ኪሎ ነው፤ የጉለሌ እፅዋት ማዕከልም የእንጦጦን ደን ለተማሪ አቅርቦታል። ተማሪዎች ሸራቸውን ይዘው ወደዚያ ይሂዱ።